ያላለቀ ሥራችሁን ይዛችሁ ኑ፦ ባሕር ዳር ላይ በሚጠራ የኪሮሽ ሠሪዎች ጉባኤ ለመሳተፍ

በኪሮሽ፣ ማለትም ጫፉ በተቆለመመ መርፌ፣ ዳንቴል የሚሠራ ሰው ሙያውን የሚማረው ከእናቱ፣ ከጎረቤቱ ወይም በዚህ ዘመን ከስልኩ ነው። ስልክ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ደጋግሞ ያሳያል፣ አይሰለችም፣ አይቆጣም። አንድ ነገር ግን አይሆንለትም፦ ክራችሁን በጣቱ ነክቶ «ይህ እኮ ጠብቋል፣ ትንሽ ላላ አድርጊው» ሊላችሁ አይችልም። ኪሮሽ ሠሪዎች ተጠራርተው አንድ አዳራሽ ውስጥ የሚሰበሰቡት በዋናነት ለዚህ ነው። ሽያጩም፣ ውድድሩም፣ ፎቶግራፉም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ዝግጅት ሁሉ ሌላ ሰው ሥራችሁን እንዲነካው፣ እንዲያገላብጠው፣ እንዲተቸው የሚያመቻች ነው።

በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ስብሰባ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ኪሮሽ ሠሪዎች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ ዓመታዊ ጉባኤም ሲያካሂድ ኖሯል። የዝግጅቱ ቅርጽ የትም ቢሆን ይመሳሰላል፦ የሥልጠና ክፍሎች፣ የክርና የመሣሪያ ገበያ፣ የሥራ ትርኢት፣ ማታ ደግሞ ክብ ሠርቶ እያወሩ መሥራት። ባሕር ዳር ላይ ሠላሳ ሰው በአንድ የሆቴል አዳራሽ ቢሰበሰብም እነዚህን አራቱን ታገኛላችሁ። ከተማዋም ለነገሩ ባዕድ አይደለችም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዋም ራሱን የቻለ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ስለ ክር የሚያወራ ሰው እዚያ አይጠፋም።

1. ቀኑንና ሰዓቱን አጣሩ

የጥሪውን ቀን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ጻፉት። ከውጭ የሚመጣ አሠልጣኝ ካለ አዘጋጆቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሊጽፉ ይችላሉ። «3:00 ላይ ይጀመራል» የሚለው በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው ወይስ በእነሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ፣ ማለትም በእኛ 9 ሰዓት? ደውሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

ስብሰባው ጥር 11 አካባቢ ከሆነ መኝታ ቀደም ብላችሁ ያዙ። የጥምቀት ሰሞን ባሕር ዳር በእንግዳ ትጥለቀለቃለች፤ የክፍል ዋጋም በዚያው ልክ ይወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ደግሞ ዝናቡን አስቡ፤ ታጥቦ የተወጠረ ዳንቴል በዚያ ወቅት ቶሎ አይደርቅም። በጾም ቀናት የምሳው ዝርዝር የጾም መሆኑን፣ ለሙስሊም ተሳታፊዎችም የሚስማማ ምግብ መኖሩን በምዝገባው ጊዜ ጠይቁ። አዘጋጆች ይህን የሚያስቡት አንድ ሰው ሲጠይቃቸው ነው።

2. አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ተመዝገቡ

የሥልጠና ክፍሎች ዝርዝር ሲደርሳችሁ ሁሉም ያምራል፤ ሁሉም ውስጥ መግባት ትፈልጋላችሁ። እኔ በቀን ከሁለት በላይ አልመክርም፤ አንዱ የሚከብዳችሁ፣ ሌላው እጃችሁ የለመደው ቢሆን ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ አዲስ ነገር የሚማር እጅ ማታ ሰንሰለት መሥራት እንኳ ያቅተዋል።

ከክፍሉ ስም ይልቅ ጥያቄያችሁን ምረጡ። «ኪሮሽ ማሻሻል እፈልጋለሁ» ጥያቄ አይባልም። «የመሶብ ልብሴ ዳሩ ለምን ይሸበሸባል?» ግን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚበቃው ጥያቄ ነው። ይህን ምሳሌ የመረጥሁት ብዙ ሰው ስለሚቸገርበትና መልሱም ስለሚያስደስት ነው።

ክብ ነገር ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲያድግ በየዙሩ የሚጨመረው ዓይን (በኪሮሹ አንድ በአንድ የሚሠራው ቋጠሮ) ቁጥሩ የተወሰነ ነው። ክር ሳይጠመጠም በሚሠራው አጭር ዓይን ከሆነ በ6 ትጀምራላችሁ፤ በሁለተኛው ዙር 12፣ በሦስተኛው 18፣ በአራተኛው 24 እያላችሁ በየዙሩ 6 ትጨምራላችሁ። ክሩ በኪሮሹ ላይ አንዴ ተጠምጥሞ በሚሠራው ረጅም ዓይን ከሆነ ደግሞ በ12 ጀምራችሁ በየዙሩ 12 ነው። ከዚህ ካነሰ ሥራው ወደ ላይ ይታጠፍና ቆብ ይሆናል። ከበዛ ዳሩ ይሸበሸባል፣ እንደ ቀሚስ ግርጌ ሞገድ ይሠራል። እጃቸው በጣም የሚጠብቅ ወይም በጣም የሚላላ ሰዎች ቁጥሩን በትክክል ጠብቀውም ሥራው ሊታጠፍባቸው ይችላል፤ አስተማሪዋ ሥራውን በእጇ መያዝ ያለባት ለዚህ ነው።

መሸብሸቡ ሁልጊዜ ጥፋት እንዳልሆነ ያሳየች የሒሳብ ሊቅም አለች። ላትቪያዊቷ ዳይና ታይሚና እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳለች፣ በመደበኛ ልዩነት ዓይን እየጨመረች በኪሮሽ የሠራችው ሞገዳማ ቅርጽ፣ ተማሪዎች በወረቀት ላይ ለመረዳት የሚቸገሩበትን የጂኦሜትሪ ዓይነት በእጅ የሚዳሰስ አድርጎታል። የመሶብ ልብሳችሁ ዳር ሲሸበሸብ ይህን አስታውሳችሁ ለመጽናናት ትችላላችሁ፤ መሶቡ ላይ ግን ያው አይቀመጥም።

3. ቦርሳው

መጀመሪያ ያላለቀውን ሥራ አስገቡ፤ በተለይ የተበላሸውንና ሣጥን ውስጥ የደበቃችሁትን። የተጨረሰ፣ የታጠበ፣ በካውያ የተተኮሰ ሥራ ሰው «ጎበዝ» ብሎ ያልፈዋል። ያላለቀው ግን ወንበር ያስስባል፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ያየዋል፣ የተሳሳተውን ዙር ይቆጥራል። ኪሮሽ ለጉዞ የተመቸ ሥራ ነው፤ በሹራብ መርፌ ላይ ብዙ ዓይን ክፍት ሆኖ ሲቆይ፣ በኪሮሽ ግን ክፍት የሚሆነው አንዲት ቀለበት ብቻ ናት። እሷን በመርፌ ቁልፍ ያዟት፤ መንገድ ላይ አይተረተርባችሁም።

ሁለተኛ፣ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የናሙና ካሬዎች ሠርታችሁ ያዙ። በአንዱ የለመዳችሁትን ኪሮሽ፣ በሌላው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ኪሮሽ ተጠቀሙ። በየካሬው ስንት ዓይን በስንት መስመር እንደገባ በወረቀት ጽፋችሁ በክር እሰሩባቸው። አስተማሪ ስለ እጃችሁ ጥብቀት በአንድ አፍታ የምትረዳው ከእነዚህ ነው። ካሬ መሥራት የሚሰለቻቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ልብስ ሠርተው ሲያበቁ የማይገባላቸውም ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው።

ሦስተኛ፣ መሣሪያ። ለስስ የዳንቴል ክር ከ1.25 እስከ 1.75 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ኪሮሽ፣ ለወፍራም የሹራብ ክር 4 እና 5 ሚሊ ሜትር፤ ይህ ለአብዛኛው ክፍል ይበቃል። የዳንቴል ክር ቁጥሩ በጨመረ መጠን እንደሚቀጥን አትዘንጉ፤ 10 ቁጥር ከ20 ቁጥር ይወፍራል። ትንሽ መቀስ፣ ዓይነ ሰፊ መርፌ፣ ሜትር፣ እርሳስ፣ ካሬ ያለው ደብተር። ለልምምድ የሚሆን ክር ፈዛዛ ቀለም ይሁን። በጥቁር ክር አዲስ ነገር ለመማር መሞከር ራስን መቅጣት ነው፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። የስልክ መብራት ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ ግንባር ላይ የሚታሰር ትንሽ ባትሪ ቢኖራችሁ ጎረቤታችሁም ያመሰግናችኋል።

ከ10 ዓመት በፊት የተገዛውን ክር ሁሉ አትሸከሙ። እዚያ መግዛታችሁ አይቀርም፤ ሲመለሱ ቦርሳው እንዲዘጋ ቦታ ተዉለት።

4. መንገዱ

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መቀሱንና መርፌዎቹን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉ። ኪሮሹን እጃችሁ ላይ መያዝ ከፈለጋችሁ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ይሻላል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የፈታሹ ስለሆነ አያቶቻችሁ ያወረሷችሁን የብረት ኪሮሽ ለዚህ ፈተና አታቅርቡ። በመኪና የምትመጡ ከሆነ መንገዱ በደብረ ማርቆስ በኩል የዓባይን በረሃ አቋርጦ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከመነሣታችሁ በፊት የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ በዚያ አቅጣጫ ከሚመላለሱ ሰዎች አጣሩ። የቁልቁለቱን ጠመዝማዛ መንገድ እየሠሩ ማለፍ የሚሞክር ሰው በመጨረሻ ክሩንም ሆዱንም አይቆጣጠርም። መታወቂያ ያዙ፤ ያለ እሱ አውሮፕላንም ሆቴልም የለም።

5. ማደሪያና ከተማ

አዳራሹ አጠገብ እደሩ። ባጃጅ በየመንገዱ አለ፤ ዋጋውን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ማታ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩም ከሆቴሉ ጠይቁ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ቀኑ ይሞቃል፣ ወባም አለ፤ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ። ጭን ላይ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ዘርግቶ መሥራት ለደብረ ብርሃን እንጂ ለባሕር ዳር አይሆንም፤ የጥጥ ሥራ ይዛችሁ ኑ። እጃችሁ ሲያልበው ክሩ ስለሚጎተትና ስለሚያድፍ ትንሽ ፎጣ አይለያችሁ።

ዳንቴላችሁን ሐይቁ ዳር ወርዳችሁ ለማጠብ እንዳታስቡ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ፤ የሆቴሉ ቧንቧ ይበቃል።

6. ክፍል ውስጥ

ቀድማችሁ ግቡ፤ ከአስተማሪዋ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኗ ተቀመጡ። ከፊት ለፊት የሚታየው እጅ የተገለበጠ ነው፤ ከጎን የሚታየው ግን የራሳችሁ እጅ የሚሠራበትን አቅጣጫ ያሳያል። ግራኝ ከሆናችሁ ነገሩ ይገለበጣል፤ ለእናንተ የፊት ለፊቱ መቀመጫ መስተዋት ይሆንላችኋል። ግራኝ መሆናችሁን መጀመሪያ ተናገሩ።

የሚታደለውን የአሠራር ወረቀት ከመጀመራችሁ በፊት የየት አገር አጠራር እንደሚከተል ጠይቁ። አሜሪካውያን «ነጠላ» የሚሉትን ዓይን እንግሊዞች «ድርብ» ይሉታል፤ የአሜሪካኖቹ «ድርብ» ደግሞ ለእንግሊዞቹ «ሦስትዮሽ» ነው። ወረቀቱን በተሳሳተው አጠራር ያነበበ ሰው ቁመቱ ግማሽ ወይም እጥፍ የሆነ ሥራ ይዞ ይወጣል፤ ጥፋቱንም በራሱ ላይ ያደርጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ አዳራሽ ውስጥ ከአስተማሪዋ የበለጠ የሚያውቁ ሰዎች ተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ታገኛላችሁ። ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፉ እናቶች ናቸው፤ ወረቀት አያነቡም፣ ዙር ቆጥረው አይጽፉም፣ ግን የአልጋ ልብስ ጥግ እንዴት እንደሚዞር እጃቸው ያውቃል። አጠገባቸው ለመቀመጥ ወንበር ፈልጉ። አነጋገሩም ቀላል ነው፦

«እማማ፣ እንዴት አድርገው ነው ክሩን የያዙት? ቢያሳዩኝ?»

«ነይ ልጄ፣ በትንሿ ጣትሽ አዙሪው። አዎ። አሁን አትጎትቺው፣ እሱ ራሱ ይምጣ።»

እንዲህ ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር፣ እጅ እየተነካ ሲነገር፣ ለምዝገባ የከፈላችሁትን ይመልሳል። ስታዩ ግን ዝም ብላችሁ አትቅረጹ። ፈቃድ ጠይቁ፤ ፊታቸው እንዳይታይ ከፈለጉ እጃቸውን ብቻ አንሱ። የሰው ሥራ ከመንካታችሁ በፊትም ጠይቁ፤ ምሳ ላይ የጣና አሳ በልታችሁ ከሆነ ደግሞ ከመጠየቃችሁም በፊት በሳሙና ታጠቡ። ነጭ ዳንቴል የዘይት ጣትን አይረሳም።

ወንዶችም እንኳን ደኅና መጣችሁ። ሽመና በአገራችን የወንድ እጅ ሙያ ሆኖ የኖረ ነው፤ ኪሮሽ ሲሆን የሚያፍሩበት ምክንያት አይገባኝም።

በየግማሽ ሰዓቱ ኪሮሹን አስቀምጡ። ጣታችሁን ዘርጉ፣ የእጅ አንጓችሁን በቀስታ አዙሩ፣ ትከሻችሁን አውርዱ። አንጓ ላይ የሚሰማ ሕመም ወይም የጣት መደንዘዝ «ይለምደዋል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ካልተወ ሐኪም ይየው።

7. ገበያው

መጀመሪያ አንድ ዙር ሳትገዙ ተመልከቱ። ከዚያ ያሰባችሁት ሥራ ስንት ግራም እንደሚፈልግ በወረቀታችሁ ላይ አይታችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዙ፤ የአንድ ቀለም ክር በተለያየ ጊዜ ከተነከረ ልዩነቱ ገና ሲሠራ ባይታይም አልጋ ላይ ሲነጠፍ እንደ መስመር ይወጣል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የቀለም መለያ ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ ወረቀቱንም አትጣሉት። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ በስልክ መክፈል የሚቻል ቢሆንም ኔትወርክ የሚጠፋው ሁልጊዜ ወረፋችሁ ሲደርስ ነው።

ባሕር ዳር ላይ የኔ ምክር በእንዝርት የተፈተለውን የአገር ጥጥ እንድትፈልጉ ነው። ልቃቂቱ ሲታይ ያማልላል፤ ለኪሮሽ ግን ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ለሸማ ማግ የሚሆነው ፈትል ላላ ብሎ ስለሚፈተል የኪሮሹ ጫፍ መሐሉን ይሰነጥቀዋል፤ ውፍረቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ሻጭዋን የከረረ ፈትል ጠይቁ፤ ካልተገኘ ሁለቱን አንድ ላይ አጣምራችሁ አክርሩት። ጫፉ ያልሾለ፣ ደነዝ ያለ ኪሮሽ ከሹሉ ይሻላል። ከመሥራታችሁ በፊት ክሩን በቀስታ በየቦታው አስራችሁ በሞቀ ውኃ እጠቡትና አድርቁት፤ የሚኮማተረውን ያህል ያኔ ይኮማተር፣ ሥራው ካለቀ በኋላ አይሁን። ያልተነጣው ጥጥ የራሱ የሆነ ወተት መሳይ ቀለም አለው፤ ለረከቦት ልብስ ከዚያ የሚያምር አላውቅም።

የፈታይዋን ዋጋ አትከራከሩ። ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ተፈትሎ እዚህ የደረሰው በስንት ሰው እጅ እንደሆነ ስታስቡት ዋጋው ርካሽ ነው።

8. ትርኢትና ሽያጭ

ለመሸጥ የምትመጡ ከሆነ ዋጋ ቤታችሁ ውስጥ ተምኑ፤ ጠረጴዛው ላይ ሆናችሁ ስትጠየቁ የምትናገሩት ዋጋ ከአፋርነት የመጣ ነው። ሒሳቡ አያስቸግርም፦ የክር ወጪ ሲደመር የሰዓቱ ብዛት በሰዓት ከሚገባችሁ ክፍያ ጋር ተባዝቶ። ለምሳሌ ክሩ 300 ብር፣ ሥራው 20 ሰዓት፣ ሰዓቱ 50 ብር ቢሆን 1300 ብር ይሆናል። «ኧረ ይህ በዛ!» የሚል አይጠፋም። መልሱ አለ፦ በኪሮሽ የሚሠራ ሥራ እንደ ሹራብ በፋብሪካ ማሽን አይመረትም፤ የትም አገር፣ የትም ሱቅ ብታዩት የሰው እጅ አልፎበታል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በድንች ረሃብ ስትመታ ብዙ ቤተሰብ የተረፈው ሴቶች በኪሮሽ ሠርተው በሚሸጡት ዳንቴል ነበር። ሙያው እንጀራ ሆኖ ያውቃል፤ እንደ ትርፍ ጊዜ ጨዋታ ዋጋው ለምን ይወርዳል?

ለትርኢት የሚቀርብ ሥራ መታጠብና መወጠር አለበት። ንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ጫፎቹን በማይዝግ መርፌ ወጥሩ፤ ሳይደርቅ አትንቀሉት። ቆሞ እንዲቀመጥ የሚፈለግ የአበባ ማስቀመጫ ወይም ቅርጫት ከሆነ ስኳር በሞቀ ውኃ አሟሙታችሁ ነክራችሁ፣ በጠርሙስ ላይ አልብሳችሁ አድርቁት። በስኳር የደረቀ ነገር ጉንዳን ይጠራል፤ ትርኢቱ በሣር ላይ ከሆነ ሌላ ማድረቂያ ፈልጉ። ሐይቁ ዳር ነፋስ ስላለም ስስ ሥራ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን አትተዉ፤ አራቱን ጥግ በሆነ ነገር አስይዙት።

የሌላ ሰው ንድፍ ከሆነ «ንድፉ የእገሌ ነው» ብላችሁ ጻፉበት። የሰው ጠረጴዛ ላይ ያያችሁትን ቤት ሄዳችሁ ቀድታችሁ መሸጥ ደግሞ ያው ስሙ ይታወቃል።

9. አንድ ጠዋት ለሐይቁ

አዘጋጆቹ የጀልባ ጉዞ ካላዘጋጁ ራሳችሁ ተቧድናችሁ ተከራዩ። ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና ውኃው ይናወጣል። የደኅንነት ጃኬት መኖሩን ሳታዩ አትሳፈሩ። ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ቅርቡ ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ስለሆነ፣ አብዛኛው ተጓዥ ሴት ከሆነ ጀልባ ነጂውን ወደ ዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሉት። ነጠላ ያዙ።

ጉዞው ሽርሽር ብቻ አይደለም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ ግድግዳውን የሞሉትን ሥዕሎች ስታዩ ከቅዱሳኑ ፊት ቀጥሎ ጠርዞቹን ተመልከቱ፤ የሐረጉ አጠማዘዝ፣ የመስቀሉ አደራደር ለኪሮሽ የሚሆን ንድፍ ነው። የነጠላችሁ ጥለትም እንዲሁ። ወደ ኪሮሽ የሚመለሱት በካሬ ደብተር ነው፦ የሞላውን ካሬ በእርሳስ አጥቁሩ፣ ክፍቱን ተዉት። ክፍቱ ካሬ አንድ ረጅም ዓይንና ሁለት ሰንሰለት ነው፤ በሞላው ካሬ የሁለቱ ሰንሰለት ቦታ በሁለት ረጅም ዓይን ይያዛል። የወርዱን ካሬ ብዛት በ3 አባዝታችሁ 1 ጨምሩ፤ 20 ካሬ ወርድ ያለው መስቀል 61 ዓይን ይፈልጋል ማለት ነው። ወረቀት ላይ እኩል የሆነው ካሬ በክር ሲሠራ ቁመቱ ከወርዱ ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ስለሚችል፣ መስቀሉ ተስቦ ወይም ተጨፍልቆ እንዳይወጣ በ10 ካሬ ሞክሩት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ በእርሳስ መንደፍ ብዙውን ጊዜ ከካሜራ ይልቅ ይወደዳል።

ጀልባ ላይ ኪሮሽ ሲወድቅ የብረት ከሆነ አይንሳፈፍም።

10. ምሽቱ

ድካም ቢኖርም የማታውን ክብ አትቅሩ። ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይመጣል፣ ቀን ክፍል ውስጥ ያፈሩ ሰዎች ያኔ ይጠይቃሉ። ለምሽት ቀላል፣ መቁጠር የማያስፈልገው ሥራ ያዙ። ጓደኛ የምታፈሩበትም ይኸው ሰዓት ነው፤ ከየከተማው የመጡትን ስልክ ተቀባበሉ፣ ካላችሁት ክር ትንሽ ትንሽ ተለዋወጡ። ለመለዋወጥ የምታመጡት የማትወዱትን ክር አይሁን፤ ሁሉም ይህን ዘዴ ያውቀዋል።

ያንን የተበላሸ ሥራ ለማውጣትም ትክክለኛው ጊዜ ነው። ጠረጴዛው መሐል አስቀምጡትና «ይህ የት ጋ ነው የተሳሳተው?» በሉ። አምስት ሰው አምስት መልስ ይሰጣል፤ ሦስቱ ይጋጫሉ፤ እማማ ግን ዝም ብለው ከሰባተኛው ዙር ጀምረው ይተረትሩታል። ተዉአቸው።

11. ስትመለሱ

በተመለሳችሁ በሁለት ቀን ውስጥ የተማራችሁትን አንድ ነገር በትንሽ ካሬ ሥሩትና በራሳችሁ ቃል ደብተር ላይ ጻፉት፦ ስንት ሰንሰለት፣ የቱ ዓይን ውስጥ፣ የት ላይ ይዞራል። ካሬውን ገጹ ላይ ስፉት። የቪዲዮው ቅጂ ስልክ ውስጥ ይጠፋል፤ የተሰፋው ካሬ አይጠፋም። የገዛችሁትን ክር ዓይነቱን፣ የቀለም ቁጥሩንና ሻጩን አብራችሁ መዝግቡ፤ ከመሐል ቢያልቅባችሁ ሄዳችሁ የምትጠይቁት ይኖራችኋል።

ያስተማሯችሁ እናት ስማርት ስልክ ከሌላቸው ፎቶ በልጃቸው ወይም በጎረቤታቸው በኩል ላኩላቸው፤ ከፎቶው በፊት ግን ደውሉና ጤንነታቸውን ጠይቁ። ከእሳቸው የተዋሳችሁት ኪሮሽ በቦርሳችሁ ውስጥ ከተገኘ ደግሞ (መገኘቱ አይቀርም) ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ስማቸውን ጽፋችሁ በቶሎ መልሱ፤ የለመዱት ኪሮሽ ከሌለ ሥራቸው ይቆማል።